መቶ ሃያ መጠይቅ

"ሰው የጻፈውን ዝም ብላችሁ አትመኑ፤ ሄዳችሁ እዩ!" እያልኩ ስጮህ ይኸው ስምንት ዓመቴ። ቤቴል ባለች አንዲት የግል ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪ አስተምራለሁ። አፈኛ ነኝ፤ ስገባ ስልካቸውን ይደብቃሉ። የምሬን ነው፣ ከሌሊሴ በቀር የሰማኝ የለም። ምነው እሷም ባልሰማችኝ!

ማክሰኞ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ኮልፌ ገበያ ስለሚነግዱ እናቶች ነው። አማካሪዋ ወንድይፍራው፣ "ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የሞላሽው መጠይቅ ነው፤ ዘንድሮ አትመረቂም" ብሏታል። ለምን ቢባል፣ ውጤቷ መደርደሪያችን ላይ ካለው የዛሬ አሥር ዓመት ጥናት ጋር አይገጥምም። እዚያ ላይ፣ ከመቶ ሃያ የዚሁ ገበያ ሴቶች ዘጠና አንዱ ልጃቸውን ጎረቤት ጋ ትተው እንደሚመጡ ተጽፏል።

ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ኮሌጅ ስመረቅ።

"እርስዎ አይሳሳቱም ጋሽ አምሐ" አለችኝ። "እኔ ነኝ መጠየቅ ያላወቅኩበት። ልጆቹ እዚያው ከእናቶቻቸው ጋር ናቸው። ጎረቤትስ ስላቸው፣ 'ጎረቤቴማ ይኸው አጠገቤ ትሸጣለች' ብለው ይስቁብኛል። እርስዎ እነዚያን ሴቶች የት ነው ያገኟቸው?"

የት ላግኛቸው! አየር ጤና ጭማቂ ቤት ተቀምጠን፣ እኔና ጓደኛዬ ዳባ በአንድ እሑድ ሞልተን ጨረስናቸው። የእጅ ጽሑፉ እንዳይመሳሰል ዳባ በግራ እጁ ሁሉ ጽፏል። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ እየሳቅን ነው የሞላነው። አሁን ግን አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገርኳት።

አላለቀሰችም። "እኔ እኮ የእርስዎን አምኜ ሴቶቹን ዋሾ አልኳቸው" አለች።

ወንድይፍራው ቢሮ አብረን ገብተን ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሳቀ። "ተው እንጂ አምሐ! ልጅቷ አሳዝናህ ነው። አንተ ደግሞ ልታጭበረብር!" ምዬ ተገዝቼ ብነግረውም አላመነኝም።

"እንግዲያው ሁለታችሁም ተነሱ" አለች ሌሊሴ። "ገበያው ሩቅ አይደለም።"

በታክሲ ሄድን። ሽንኩርት ተራ ስንደርስ አንዱ ሕፃን ጆንያ ላይ ተኝቷል፣ ሌላው እናቱ ጀርባ ላይ ነው፣ ሁለቱ መደቡ ሥር ይጋፋሉ። ወንድይፍራው ሕፃናቱን አንድ በአንድ አየና፣ "ይቺስ ታልፋለች፤ አንተን ግን ምን ላድርግህ?" አለኝ።

ፊቴን አዙሬ መውጫ ፈለግሁ። በየት በኩል እንደሚወጣ እንኳ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ገበያ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው።