የእድራችንን ድምፅ ያጠፋው ማን ነው

ባጫን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሆኖ የጉለሌን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው፣ ኮምፒውተር ቦታውን ሲወስድበት እሰይ ይላል? እኔ ታየች የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው አውቃለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲሞት የቀብሩን ሰዓትና ቦታ በድምፄ እቀዳለሁ፤ ኮምፒውተሩ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ ጊዜ ያጫውተዋል፤ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ያዳርሰዋል። ለባጫ የቀረለት ሥራ በሩን ከፍቶ ማጉያውን ማብራት ብቻ ነው።

ሁለት ወር በደህና ሠራ። ኋላ ግን ቁልፉ በእሱ እጅ መሆኑ ከነከነኝና እየሄድኩ መቆጣጠር ጀመርኩ። በሄድኩበት ቀን ጭጭ! በሌላም ቀን እንዲሁ። ስቀር ይሠራል፣ ስመጣ ድምፅ የለም። እኔን ለማዋረድ ካልሆነ ምን ይባላል? ይባስ ብሎ ድምፁ በጠፋ ቁጥር ጥሩምባውን ከበሩ ኋላ አንስቶ ይወጣል። ካላሰበበት ለምን አዘጋጅቶ አስቀመጠው? አንድም ሰው ቀብር ሳይሰማ አልቀረም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አበገነኝ።

ከእድሩ ሥራ እንዲታገድ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሑድ በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ተወሰነ። በእድርተኛ ፊት እንዲህ የተባለ ሰው በምን ዓይኑ ሰፈሩን ያያል? ይኼን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ማስረጃ እንድታገኝልኝ ጳውሎስ አካባቢ ኮምፒውተር የምትጠግነውን ሊሚን ጠራኋት። ባጫ በሩን ከፍቶ ማጉያውን አበራልንና ቆመ።

«ድምፁን ወደ ማጉያው የሚልከውን ሳውንድ ካርድ ነካክቶታል አይደል?» አልኳት።

ሊሚ ስክሪኑን አብርታ መዝሙር ከፈተች። ጣሪያው ዝም አለ። ስክሪኑን አጠፋችው። መዝሙሩ ሰፈሩን ሞላው።

«ሳውንድ ካርዱ ደህና ነው፣ እትዬ ታየች። ስክሪኑ የራሱ ስፒከር አለው። ልክ ሲበራ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ እሱ ይልከዋል፤ የእሱ ድምፅ ደግሞ ዜሮ ላይ ነው። ለመሆኑ ጧት ጧት ስክሪኑን የሚያበራው ማነው?»

እኔ ነኝ። ባጫ ምን እንደነካ ለማየት ገና ስገባ አበራዋለሁ፤ ስወጣ አጠፋዋለሁ።

ባጫ ይኼን ሁሉ ጧት አጠገቤ ቆሞ አይቷል። አሁን ግን መሬት መሬት እያየ ቁልፉን ያገላብጣል።

«እኔ እንጃ» አልኩ። አፈርኩ፣ ግን አልኩ።

ሊሚ ድምፁ ሁልጊዜ በሳውንድ ካርዱ ብቻ እንዲወጣ አስተካክላ ሄደች።

«ታየች፣» አለኝ ባጫ በሩን ሲቆልፍ፣ «ጥሩምባውን እዚያው ልተወው? መብራት ሊጠፋ ይችላል።»



እሑድ ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን እንዳነብ ጠራኝ። ባጫ ከፊት ተቀምጧል። «የእድራችንን ድምፅ በተደጋጋሚ ያጠፉትና ከሥራ እንዲታገዱ የሚጠየቅባቸው…» ብዬ ስሙ ጋ ስደርስ የራሴን ስም አነበብኩ።

ጉባኤው ተንጫጫ። መቀመጫዬ ጠፋኝ። ባጫ ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።