የእትዬ ታንጉት ሰርቨር

ሰገነት ደባርቅ ላይ የኮምፒውተር መምህርት ናት። መካነ ብርሃን ከተማ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትንሽ ሰርቨር ሠርታ ሰጥታ ነበር፤ ኢንተርኔት ባይኖርም መጻሕፍትና የትምህርት ቪዲዮ ግቢው ውስጥ ላለ ስልክ ሁሉ በዋይፋይ የምታድል። ችግሩ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሯን መልሶ ለማስነሳት ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት የእንግሊዝኛ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ታንጉት ደግሞ ኮምፒውተር የሚነኩት የሚፈነዳ ይመስል በአንድ ጣታቸው ነው።

ስለዚህ ይደውላሉ። ሰገነት ክፍል ውስጥም ትሁን ባጃጅ ላይ፣ ፊደል በፊደል ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን ከነጥቡና ከሰረዙ ጋር ሲታገሉ ውለው፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም፤ ለሌላ ሰው ስጪው» አሏት።

ቃሉ ከነከናት። «ካልተፈጠረላቸው ልፍጠርላቸዋ» አለች ለራሷ። ክረምቱን ተቀምጣ እንደገና ሠራችው። ጥቁሩ መስኮት ቀርቶ የበር ሥዕል መጣ፤ ሲነኩት አረንጓዴ ይሆንና «ተከፍቷል» ይላል። አዲስ ቪዲዮ መጫንም ሥዕል በመንካት ብቻ ሆነ። እንከን ሲገጥመውም ምን መደረግ እንዳለበት በአማርኛ ይናገራል። በፍላሽ አድርጋ በሰው ላከችላቸው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ታንጉት መደወል ተዉ። እሷ ስትደውል ኔትወርክ የለም። ጥለውት ይሆናል ብላ ልቧ ፈራ። አንድ ቅዳሜ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ፣ ተራራው ላይ ሳንቃ በርን አልፋ፣ አቧራ ለብሳ መካነ ብርሃን ደረሰች።

ግቢው ሰው በሰው ነው። ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ያነባሉ፤ ሁለት ገበሬዎች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። የሚያዩት የሰፈሩን ሠርግ ነው፤ ቀርጸው የጫኑት እትዬ ታንጉት ናቸው። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ለሰብሌም ከዚያው ፍላሽ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ሰርቨር አስነሥተውላታል።

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም? ስጨነቅ ከረምኩ» አለች ሰገነት፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አግኝታቸው።

«ምን ብዬ ልደውል? ሳይበላሽ ሰው ይረበሻል እንዴ?»

ሰገነት እየሳቀች እንባዋ መጣ። እትዬ ታንጉት ይህን ሲያዩ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጿት፤ ወዲያው በሩ አጠገብ ወዳለው ኮምፒውተር ዞረው ጥቂት ነካኩ። አፍታም ሳይቆይ ግድግዳው ሥር ያሉት ተማሪዎች ከስልካቸው ቀና ብለው እሷን ማየት ጀመሩ። ሰገነትም የራሷን ከፈተች። አቧራ የለበሰ ፊቷ ይስቃል፤ ከሥሩ «የሠራችልን ልጅ ይህች ናት» ተብሎ ተጽፏል።