የማን ልኬት ነው?

«በልቻለሁ፣ እትዬ። አሁን፣ ማዕድ ቤት ውስጥ።»

ሚጡ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ወንበሯ ሥር ሸጎጠችው። በሦስት የልቅሶ ቀን «በልቻለሁ» ያላለችው ለቀስተኛ የለም፤ በላሁ ያለችው ሁሉ ቢደመር አንድ ክፍለ ጦር አጥግቦ ለፈረሶቹም ይተርፍ ነበር። በሆዷ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም አልገባም።

«ሐዘኑ አቀጠነሽ» አለች አንዲት ጎረቤት ወገቧን ዳብሳ። ወዲያው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ይቅር ይበለኝና፣ አምሮብሻል» አለቻት።

ያቺ «አምሮብሻል» ሚጡ ደረት ላይ እንደ ሞቀ ነገር ተቀመጠች። ሚጡ ደነገጠች። ይህ ስሜት ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል ብላ ነበር።

የሞተችው አክስቷ ናት፤ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ። ሰፈሩ «ዚፕ» ይላታል፤ አንዴ የዘጋችውን ምስጢር ጉጠትም አይከፍተውም። ያገሬው ሙሽራ ሁሉ በእጇ አልፏል። እሷ ያልሰፋችለት ትዳር ዓመት አይሞላም ይባል ነበር፤ ዓመት የሞላው ቢኖር እንኳ ቢያንስ እጅጌውን እሷ አስተካክላዋለች። በጨለማ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች፣ የሙሽራ ወገብ ከመንገድ ማዶ በዓይኗ ትለካለች፣ ስታስነጥስ እንኳ ስፌቷ ፈቀቅ አይልም። ልቧ ግን ባለፈው ሰኞ፣ መቀሷን እንደያዘች፣ ድንገት ቆመ።

«ሚጡዬ፣ ነይማ።» የሰርግ ፎቶ አንሺው ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ወይን ከኮቱ ሥር አውጥቶ አስያዛት። «አንዲት ብርጭቆ ብቻ። ለሐዘን ነው እንጂ ለጭፈራ አይደል! ዚፕ ብትኖር እሷ ራሷ ትቀዳልሽ ነበር።»

ሰውዬው ክፋት የለበትም። ዚፕ የሚጡን የድሮ የመጠጥ ጉዳይ ጥርቅም አድርጋ ስለዘጋችው፣ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ የሚያውቅ አልነበረም። ሚጡ ጠርሙሱን ይዛ ወደ መስፊያው ክፍል ገባች።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከነጩ ሳቲን ጣቃ ጀርባ የምትደብቀው ጠርሙስ ነበራት። ቀኑን ሙሉ አትበላም፤ ለምሽቱ መጠጥ ቦታ መልቀቋ ነው። ሲመሽ ትጠጣለች፤ ረሃቡ ዝም እንዲል። ሞቅ ሲላት ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ትበላና፣ በነጋታው በጸጸት የባሰ ትጾማለች። የቀሚሶቿን ወገብ በየወሩ ታጠብባለች። የሚያዩዋት ሁሉ «እንዴት ያምርብሻል!» ይሏታል።

አንድ ቀን፣ ጠጥታ ባደረች ማግስት፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ቆረጠች። ሙሽራዋ ለመለካት መጥታ ብታጠልቀው ከዳሌዋ አላልፍ አለ።

«መነጽሬን ረስቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ዚፕ፣ ሳታቅማማ። በሕይወቷ በአንድ ጣት እንኳ ተሳስታ የማታውቅ ሴት! ሁለት ቀን ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ በጎንና በጎኑ ዳንቴል አስገብታ ቀሚሱን እንደገና ሠራችው። ሙሽራዋ እጅግ አማረች፤ ከዚያ በኋላ ያገሩ ሙሽራ ሁሉ ዳንቴል በጎን ካልገባልኝ አላገባም አለ።

ሙሽራዋ ስትሄድ ዚፕ ሜትሩን አንስታ፣ የተበላሸው የወገቡ ቁራጭ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ የማን ልኬት ነው?»

ሚጡ ቁጥሩን አወቀችው። የራሷ ነበር። የራሷ እንኳ አይደለም፤ እንዲሆንላት የምትመኘው።

አክስቷ አልጮኸችም። የሱቁን በር ቆለፈች፣ ወንበር ሳበች፣ ዳቦና ሾርባ አቀረበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፤ ሚኒስትር ቢመጣ አይከፈትም። ሐኪምም ጋ ወሰደቻት። ሲመለሱ እንዲህ አለቻት፦ «ሐኪሟ ያለችውን በእኛ ቋንቋ ልንገርሽ። አለመብላቱና መጠጡ ባንድ ክር የተሰፉ ናቸው። አንዱን ብቻ ብንተረትር ሌላው ይጨማደዳል። ሁለቱንም አብረን ነው የምንተረትረው።» የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ዳቦ አንድ ሰዓት ፈጀ። ዚፕ አልቸኮለችም፤ እሷም ትበላለች፣ ደግማም ትጨምራለች።

አሁን ያ ወንበር ባዶ ነው። ሚጡ ወይኑን ቀዳች። በባዶ ሆድ አንዷ ብርጭቆ የሦስት ሥራ እንደምትሠራ ታውቃለች።

በሩ ተከፈተ። ባለካውያዋ ናት፤ ከዚፕ ጋር ሠላሳ ዓመት ልብስ የተኮሰች፣ ድምፅዋ እንደ አውቶብስ ጡሩምባ የሆነ ሴት። ዳቦ የያዘ ሳህን በእጇ አለ። ብርጭቆውን አየች። አልነጠቀችም።

«ዚፕ ምሳ ትወድ ነበር መሰለሽ?» አለች፣ ባልተለመደ ዝግታ።

«አክስቴ? ደግማ አይደል እንዴ የምትጨምረው!»

«ብቻዋን ስትሆን ቆማ ሁለቴ ቆርሳ ነበር የምትተወው። በሃያ ዓመቷ እዚያ መስኮት ሥር ወድቃ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ሆዷ ባዶ፣ ትንፋሿ መጠጥ። አራት ዓመት እንዲያ ኖረች። መጠጡን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ምግብ ፊት ስትቀመጥ ግን እስከ መጨረሻው ይጨንቃት ነበር። ወንበር ስባ መብላት የጀመረችው አንቺን ለማብላት ስትል ነው።»

ሚጡ አስታወሰች፤ ዚፕ ሁለተኛውን ሾርባ ስትጨልፍ ግንባሯ ላይ ችፍ የሚለውን ላብ። የሾርባው ሙቀት ይመስላት ነበር። ስንት መቶ ምሳ!

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ዚፕ ነቻ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ የሚጡ ድምፅ ተሰበረ።

«እትዬ፣ አልበላሁም» አለች። «ሦስት ቀኔ ነው። ሁሉንም ዋሽቻቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ። የወንበርሽን ሥር የጠረግሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ብቻዬን አልችልም።»

«ማን ብቻሽን አለሽ? ነገ ሐኪሟ ጋ አብረን ነው የምንሄደው።» ባለካውያዋ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ውኃ ላምጣልሽ።»

«አትሂጂ። አትሂጂብኝ።»

ባለካውያዋ ቁጭ አለች። ሚጡ ብርጭቆውን በክንዷ ገፋችው። በግራ እጇ የሴትየዋን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች፣ በቀኟ ከዳቦው ቆረሰች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ ማኘክ ጀመረች፤ እስክትውጥ ድረስም እጅጌውን አልለቀቀችም።