የባክቴሪያው መካኒክ

ሰው ለጀርም ጤና ይጸልያል ብትሉኝ ኖሮ አብዳችኋል እል ነበር። ያን ሳምንት ግን አጎቴን ለሚያስላቸው ባክቴሪያ ደህንነት ስጸልይ ከረምኩ።

አጎቴ መካኒክ ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። መኪና ሲመጣላቸው ቶሎ ብለው ኮፈኑን አይከፍቱም። «እስቲ አስነሳው» ይላሉ፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ የታመመውን ቦታ ይነግሯችኋል። ታዲያ እኚህ ሰው ሳንባቸው ከታመመ ሰነበተ። የሚዋጠው መድኃኒት አንድ ሰሞን አሻላቸውና ሳሉ ተመልሶ መጣ። አክታቸው ሲመረመር ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶታል።

ሐኪማቸው አንድ ነገር ጠረጠረ። ባክቴሪያ ሲራባ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። ስህተቱን እየተከታተለ የሚጠግንለት ጂን አለው። ያ ጂን ከተበላሸ ስህተቱ ይጠራቀምና ባክቴሪያው ቶሎ ቶሎ መልኩን ይለዋውጣል፤ ከስህተቶቹም አንዱ ከመድኃኒት ማምለጫ ይሆነዋል። «ጂኑ ተበላሽቶ ከሆነ በክኒን ብቻ አንደርስበትም» አለኝ ሐኪሙ። «መርፌውን መጨመር ግድ ነው።» መርፌውን አውቀዋለሁ። ሳንባን ያድናል፤ ጆሮን ግን ሊወስድ ይችላል፣ ከሄደም አይመለስም። በአጎቴ ዕድሜና በደከመው ኩላሊታቸው ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

ነገሩን ለአጎቴ ሳስረዳቸው ሳቁብኝ።

«እና ባክቴሪያውም መካኒክ አለው ነው የምትዪኝ?»

«አለው ጋሼ።»

«ስራ ያውቃል?»

«እሱን ነው የምናየው።»

«እንግዲህ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ደህና ያርገው» አሉና ወደ ስራቸው ዞሩ። ያነሱት ቁልፍ ግን የብሎኑ ልክ አልነበረም።

የምሰራበትን ላቦራቶሪ አለቃ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «እትዬ ቀስ በሉ» ነው የምንላቸው። የዘመድሽን ናሙና ሌላ ሰው ይስራው ቢሉኝም ነዝንዤ ተቀበልኳቸው። ጂኑን አባዝቼ ወደ ማንበቢያው ማሽን አስገባሁት። ውጤቱ ኮምፒውተሩ ላይ በአራት ቀለም የተሳሉ ጉብታዎች ሆኖ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ጉብታ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ነው። ከጤነኛው ጂን ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ማነጻጸር ጀመርኩ። ገና ከመነሻው አንድ ፊደል ጎደለ። አንድ ፊደል ሲጎድል ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይዛባል፤ ጂኑ አበቃለት ማለት ነው።

ስልኬን አነሳሁ።

«ለማን ልትደውዪ ነው?» እትዬ ቀስ በሉ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ለሐኪሙ። ተበላሽቷል።»

ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩት። «ከወዲያኛው ጫፍስ አንብበሽዋል?»

አላነበብኩም። ጂን ከሁለቱም ጫፍ መነበብ እንዳለበት ለአዲስ ሰራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። የንባብ መጀመሪያ ላይ ጉብታዎቹ እንደሚደራረቡ፣ ማሽኑም ፊደል እንደሚውጥ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የፈራ ሰው የፈራውን ካየ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። «ግልጽ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ግልጽ ከሆነ ነገም ግልጽ ነው። ስልኩን አስቀምጪና ስሪ።»

እየተነጫነጭኩ ሰራሁ። በማግስቱ ከወዲያኛው ጫፍ የመጣውን ንባብ ከፈትኩና ቦታው ጋ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው የቆጠሩት እትዬ ናቸው።

«ይኸውልሽ፣ ቁጭ ብሏል» አሉ።

እውነትም ፊደሉ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ሦስት ተመሳሳይ ፊደላት ተከታትለው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ንባብ አጣብቆ ሁለት አድርጓቸው ነበር። አሁን ሦስቱም ለየብቻቸው ጥርት ብለው ቆመዋል። የቀረውንም ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድ ግድፈት የለበትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እትዬን አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳቸው።

«ኧረ ቀስ በይ፣ መነጽሬን ሰበርሽው!»

ሐኪሙም ደስ አለው። «መርፌው ይቅር፤ በሌላ ክኒን እንቀጥላለን» አለኝ። ከዚያም ቀጠለ፦ «ጂኑ ደህና ከሆነ ግን መድኃኒቱን እንዴት እንዲህ ቶሎ ለመደው? የቀድሞውን ክኒን በአግባቡ ወስደውት እንደሆነ እስቲ ጠይቂልኝ።»

በቀጥታ ወደ ጋራዡ ከነፍኩ። አጎቴ መኪና ስር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል። «ጋሼ፣ ይውጡ!» አልኳቸው። ጀርባቸውን እየጎተቱ ወጡና ፊቴን በፍርሃት አዩ።

«መርፌ የለም። መካኒኩ ደህና ነው!»

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸውን በዘይታም እጃቸው ሲጠርጉ ጉንጫቸው ጥቁር በጥቁር ሆነ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፣ ከዚያ ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። የመጀመሪያውን ክኒን ጨርሰውታል?»

ጨርቅ አንስተው እጃቸውን ይፈትጉ ጀመር። «ያው... ሲሻለኝ ጊዜ፣ ጨጓራዬም ትንሽ ይረፍ ብዬ...»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ! እኔ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ፊደል በፊደል ስበረብር፣ ለካ ክኒኑን ያቋረጡት እርስዎ ነዎት! ስንት ቀን እህል ውሃ አላሰኘኝም! እትዬን የመሰሉ ሴት ላይ ጮህኩባቸው! ደንበኛዎ እንዲህ ቢያደርግዎ ከጋራዡ አያባርሩትም?» ማቆም አልቻልኩም። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ሳይቀር ብቅ ብሎ አየን።

አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ምንም። ተቆጪ፣ የኔ ክብሪት» አሉ። «ጆሮዬ ቢሄድ ከሁሉ በላይ ይቀርብኛል ብዬ የፈራሁት ይሄን ድምፅ ነው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ቁጣዬን ቀጠልኩ።