ያለ ፍላሽ

ሌሊሴ ካሜራውን የገዛችው ቀሚስ ልታነሳበት እንጂ ሰው ልታነሳበት አልነበረም። አስኮ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ወላጆቿ ግቢ በር ላይ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ የሠርግና የመልስ የባህል ልብስ ትሰፋለች። የሰፋችውን በስልኳ እያነሳች ቴሌግራም ላይ ስትለጥፍ ቀዩ ብርቱካናማ፣ ነጩ ቢጫ እየመሰለ ደንበኞቿ «እኔ ያየሁት ይሄን አይደለም» ሲሏት ተማረረችና አንድ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዛች። የካሜራው አናት ላይ ፊደላት የተጻፉበት ክብ ማዞሪያ አለ። የሸጠላት ሰው ማዞሪያውን አረንጓዴዋ ምልክት ላይ አድርጎ፣ «ይቺ አውቶ ናት፤ ሁሉን ራሷ ትጨርሰዋለች» አላት። ሌሊሴም አመነችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማዞሪያውን አልነካችውም። ቀሚሱን ግቢ ውስጥ ሽቦ ላይ ሰቅላ በፀሐይ ታነሳዋለች፤ ያምራል፤ አለቀ።

ነገሩ የተለወጠው በአባቷ ዓይን ምክንያት ነው።

አቶ ቀጄላ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ነቀምት፣ ከነቀምት ጊምቢ ያለውን ኩርባ ሁሉ አንድ በአንድ ያውቁታል። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት የዓይን ሞራ መጀመሪያ ግራ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ጋረደባቸው። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲባሉ «ዓይን በስለት ይነካል እንዴ!» እያሉ አምስት ዓመት አሳለፉ። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይታያቸውም። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዋጋነሽን በእርምጃቸው፣ ሌሊሴን በስፌት መኪናዋ ድምፅ ነበር የሚያውቋቸው።

በመጨረሻ ልባቸውን ያስለወጧቸው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤታቸው አቶ ደግፌ ናቸው። እሳቸውም ሞራ ነበረባቸው፤ ተገፈፈላቸው። በሳምንቱ ሊጠይቋቸው መጡና ገና ሳይቀመጡ፣ «ቀጄላ፣ አጥርህ እኮ ወደኔ ግቢ ዘሟል» አሉ።

አቶ ቀጄላ ደነገጡ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ምን አውቄ! ያየሁት ዛሬ ነው።»

የዚያን ቀን እራት ላይ አቶ ቀጄላ ጉርሻቸውን አቁመው፣ «ሌሊሴ፣ ቀጠሮ ያዢልኝ። ደግፌ የኔን አጥር እያየ እኔ የሱን ሳላይ አልቀርም» አሉ።

ቀጠሮው ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ተያዘ። ሐሙስ ቀኝ ዓይናቸው ይሠራል፤ ዓርብ ጠዋት መሸፈኛው ይነሳል። ይህን የሰሙት ወይዘሮ ዋጋነሽ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠሩና በሹክሹክታ፣ «ያ ነገር ከዓይኑ ላይ ሲነሳ ፎቶ አንሺልኝ» አሏት። «ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ነበረ። ከሠርጋችን ፎቶ በቀር አብረን የተነሳነው የለንም። እሱ ላይም ቢሆን ሁለታችንም ተኮሳትረናል።»

ሌሊሴ ክሊኒኩ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች። ስልኩን ያነሳችው ሲስተር ሜሪ የምትባል ነርስ ናት። «ማንሳት ይቻላል፤ ፍላሽ ግን በፍጹም! ዓይኑ ከተሠራ ገና አንድ ቀኑ ነው። ክፍሉንም መጋረጃ ዘግተን ነው የምንከፍትላቸው» አለቻት።

«ችግር የለም» አለች ሌሊሴ።

ችግር ነበረ። ስልኩን እንደዘጋች ሳሎኑን አጨልማ እናቷን ለሙከራ አነሳቻቸው። ካሜራው ጨለማውን ገና ከማየቱ ፍላሹ ጧ ብሎ ተነሳና ቦግ አለ። እንደምንም ብላ ፍላሹን አጠፋችና እንደገና አነሳች። በዚህኛው ፎቶ ወይዘሮ ዋጋነሽ ሁለት አፍንጫ ነበራቸው።

በማግስቱ ሌሊሴ ካሜራዋን ይዛ ጦር ኃይሎች ወረደች። እዚያ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልፊያ የምትባል የሠርግ ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ አላት። ስንት ሙሽራ አንዷ አልብሳ ሌላዋ አንስታ ሸኝተዋል፤ ከዚያም ጓደኛሞች ሆኑ። አልፊያ ካሜራውን ተቀብላ ማዞሪያውን አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶ? ወላሂ ታሳዝኛለሽ!»

«ሳቂብኝ፤ ብቻ ሰኞ ነው ዛሬ፤ እስከ ዓርብ አስተምሪኝ።»

አልፊያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስሚ። አውቶ ስታደርጊው ብርሃን ያነሰው ከመሰለው ፍላሹን ያነሳል፤ አይጠይቅሽም። ፍላሹን ስትከለክይው ደግሞ ብርሃን እስኪጠግብ አፉን ከፍቶ ይቆያል። እሱ አፉን ከፍቶ ሳለ ሰውየው ከተነቃነቀ ፎቶው ይዝረከረካል። የእናትሽ ሁለት አፍንጫ ከዚያ ነው የመጣው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ከአውቶ ውጪ» አለች አልፊያ ማዞሪያውን እያሽከረከረች። «ኤ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት አንቺ ትመርጫለሽ፤ ፍጥነቱን እሱ ይፈልጋል። ኤስ ላይ ፍጥነቱን አንቺ፣ ቀዳዳውን እሱ። ኤም ላይ ሁሉም ያንቺ ነው፤ እሱን ለዓርብ እንዳትነካኪው። አባትሽ ይስቃሉ፣ ይዞራሉ፣ ያለቅሱም ይሆናል። ስለዚህ አንቺ የሚያስፈልግሽ ፍጥነት ነው። ኤስ አድርጊና መቶ ሃያ አምስት ላይ ያዢው፤ የሰከንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ማለት ነው። እሱን አትቀንሺ፣ የፈለገው ቢመጣ።»

«ክፍሉ ጨለማ ነው እኮ።»

«እዚያ ላይ ነው አይ ኤስ ኦ የሚመጣው።» አልፊያ ከካሜራው ጀርባ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። «ካሜራው ብርሃን ምን ያህል እንደሚሰማው የምትወስኚበት ነው። ፀሐይ ላይ መቶ ይበቃል። ቤት ስትገቢ ስምንት መቶ፣ ሺህ ስድስት መቶ እያልሽ ትጨምሪያለሽ። ቁጥሩ ሲያድግ በትንሽ ብርሃን ያያል፤ ግን ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። አሁን ልጠይቅሽ፤ አሸዋማ ፎቶ ይሻልሻል ወይስ የተዝረከረከ?»

«አሸዋማ።»

«በቃ፣ አትፍሪው። ስታነጣጥሪ የቀዳዳው ቁጥር ብልጭ ድርግም ካለብሽ ‹ብርሃን አልበቃኝም› እያለሽ ነው። አይ ኤስ ኦውን ጨምሪ። ብልጭ ድርግሙ ሲያቆም አንሺ።»

ሌሊሴ ይህን ሁሉ በልብስ መለኪያ ደብተሯ ላይ ከሙሽሮች ወገብና ደረት ቁጥር አጠገብ ጻፈችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልምምዱ ተጀመረ። መጋረጃው ተዘጋ፤ አቶ ቀጄላ ሶፋው ላይ፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ ጎናቸው ተቀመጡ። ሌሊሴ ኤስ ላይ አደረገች፤ ፍጥነቱን ግን ገና አላስተካከለችውም። ተጫነች። ካሜራው «ቀጭ…» ካለ በኋላ ቆየት ብሎ እንደገና «ቀጭ» አለ።

«ይሄ ዘገየ» አሉ አቶ ቀጄላ።

«ምኑ አባዬ?»

«ሲከፈትና ሲዘጋ ለየብቻ ሰማሁት። በመሃል ቆየ።»

ሌሊሴ ፎቶውን አየችው፤ ተዝረክርኳል። ቁጥሩን ስታይ ስምንት ላይ ነው፤ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ። ወደ መቶ ሃያ አምስት አወጣችውና ደገመች። አንዲት አጭር «ቀጭ» ብቻ ተሰማች።

«እንዲህ ነዋ!» አሉ አቶ ቀጄላ፤ ፊታቸው በራ። «ሞተር የሚመረመረው በዓይን መሰለሽ? በጆሮ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኙ። ሌሊሴ ሆን ብላ ቁጥሩን እየቀያየረች ታነሳለች፤ እሳቸው «ዘገየ!»፣ «ደህና ነው!»፣ «ይሄኛውማ ተኛ!» እያሉ ይፈርዳሉ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ያልሳቁት ወይዘሮ ዋጋነሽ ብቻ ነበሩ። ፎቶዎቹን ከካሜራው ጀርባ አንድ በአንድ አዩ። በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ፣ «ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ነው የወጣብኝ?» አሉ። «እሱ መጨረሻ ያየኝ ጊዜ ፀጉሬ ጥቁር ነበረ። አሁን ዓይኑን ሲገልጥ አንዲት አሮጊት ፊቱ ተቀምጣ ሊያገኝ ነው?»

«እማዬ ደግሞ! አንቺን በማየቱ ነው የሚደሰተው።»

«እሱን ተይው» አሉና ረቡዕ ማለዳ ፀጉር ቤት ሄደው ጥላሸት የመሰለ ፀጉር ይዘው ተመለሱ። «እንዳትነግሪው!» ብለው ልጃቸውን አስማሏት። አቶ ቀጄላ እራት ላይ አፍንጫቸውን አንድ ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረጉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ዓርብ ጠዋት ሦስቱም ክሊኒኩ ውስጥ፣ መጋረጃው በተዘጋ ጠባብ ክፍል ተቀመጡ። ጥጉ ላይ አንዲት ደብዛዛ የጠረጴዛ መብራት ብቻ በርታለች። ሲስተር ሜሪ ጓንቷን አድርጋ ቀረበች። ሌሊሴ ካሜራውን ከቦርሳዋ አወጣችና ለሙከራ ያህል ወደ ግድግዳው አነጣጥራ ተጫነች።

ጧ! ቦግ!

«እህቴ!» አለች ሲስተር ሜሪ። «ምን ተባብለን ነበር?»

መሸፈኛው ገና ስላልተነሳ አቶ ቀጄላን የነካቸው ነገር የለም። ሌሊሴ ግን ቶሎ ብላ ካሜራዋን አየች። ማዞሪያው ቦርሳው ውስጥ ከመቀሷና ከሜትሯ ጋር ሲፋተግ ዞሮ አረንጓዴው ላይ ተመልሷል። «ይቅርታ ሲስተር፣ ዞሮብኝ ነው፤ አንድ ደቂቃ ብቻ…» አለች።

ሲስተር ሜሪ ሰዓቷን አየች። «ውጭ ሌሎች እየጠበቁ ነው።»

«ሲስተር፣ አምስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ነበርኩ» አሉ አቶ ቀጄላ በለሆሳስ። «አንድ ደቂቃ ብጨምር ምንም አልሆንም። ልጄ፣ ተረጋጊና ሥራሽን ሥሪ።»

ሌሊሴ ማዞሪያውን መለሰችው። ኤስ። መቶ ሃያ አምስት። አነጣጠረች፤ የቀዳዳው ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። አይ ኤስ ኦ ሺህ ስድስት መቶ፤ አሁንም ብልጭ ድርግም። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፤ አላቆመም። ቤት ስትለማመድ ከዚህ በላይ ሄዳ አታውቅም። ስድስት ሺህ አራት መቶ አደረገችው። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ሲስተር ሜሪ ፕላስተሩን ቀስ አድርጋ ላጠችና መሸፈኛውን አነሳች። «አባባ፣ አሁን ዓይንዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ። አይቸኩሉ።»

አቶ ቀጄላ ከፈቱ፤ ጨፈኑ፤ እንደገና ከፈቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መጀመሪያ ፊት ለፊታቸው ያለውን ነጭ ነገር ትኩር ብለው አዩ።

«ሲስተር» አሉ፤ «ጋውንዎ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል።»

ሲስተር ሜሪ ወደ ደረቷ አየች፤ እውነትም ሁለተኛው ቁልፍ የለም። በሳቅ ፈነዳች። ቀጭ አለ ካሜራው።

ከዚያ አቶ ቀጄላ አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ለፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ደርቀው ተቀምጠዋል። አቶ ቀጄላ ጠጋ ብለው አዩዋቸው። ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውን፣ ሁሉንም በየተራ አዩ።

«ዋጌ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሁላችንም ስናረጅ አንቺ የት ሄደሽ ነበር?»

ወይዘሮ ዋጋነሽ እፎይ ብለው ሊስቁ ሲሉ ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ቀጠሉ፦ «ቀለሙማ ረቡዕ ማታ ነው የሸተተኝ።»

«አንተ ሰውዬ!» ወይዘሮ ዋጋነሽ በሻርፓቸው ጉልበታቸውን መቷቸው፤ ከዚያ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አቶ ቀጄላም ሳቁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ሌሊሴ» አሉ አባቷ ወደ ድምፁ ዞረው።

«አቤት አባዬ።»

«ያን ነገር ከፊትሽ ላይ አውርጂው። አንቺን እኮ አላየሁሽም።»

ሌሊሴ ካሜራውን አወረደች። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ የተነሳ ፎቶ የለም። ሲስተር ሜሪ «ዓይን አይታሽም፤ እንባውን ቀስ ብለው ይጥረጉ አባባ» እያለች ቆማ ጠበቀቻቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ቀጄላ ክሊኒኩ የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው ታክሲው ፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡና መንገዱን ሙሉ ያዩትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ መጡ። «ጎሚስታ! የሚከራይ ቤት! የሴቶች ፀጉር ቤት!» ሦስተኛውን ሲያነቡ ዘወር ብለው ወደ ኋላ ወንበር አዩ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት፣ «አባባ ማንበብ አሁን ነው እንዴ የተማሩት?» ቢላቸው፣ «ዛሬ ጠዋት!» አሉት።

ቅዳሜ ሌሊሴ ፎቶዎቹን አልፊያ ዘንድ ወሰደቻቸው። አልፊያ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አሳድጋ አየች። ጨለማው ውስጥ አሸዋው ተበትኗል፤ በአሸዋው መሃል ግን ሁለት አዛውንቶች፣ የዓይናቸው እንባ ሳይቀር ጥርት ብሎ፣ እየሳቁ ነው።

«ይሄን አሸዋ በፕሮግራም ላጥፋው?» አለች ሌሊሴ መዳፊቱን ይዛ።

«ማን፣ አንቺ?» አልፊያ እጇን ከመዳፊቱ ላይ መነጨቀቻት። «እንዳትነኪው! እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርግ ሳነሳ እንዲህ ሲስቁ ያገኘኋቸው ስንት መሰሉሽ?» በትልቁ አተመችላት።

ሌሊሴ አንድ ቅጂ ለሲስተር ሜሪ ወሰደችላት፤ አንዲት ነጭ ቁልፍም ይዛ ሄዳ እዚያው ቆማ ጋውኗ ላይ ሰፋችላት። ሲስተር ሜሪ ፎቶውን እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በሳምንቱ ስልክ ደወለች።

«ሌሊሴ፣ ጉድ አመጣሽብኝ» አለች። «ታካሚው ሁሉ ፎቶውን እያየ ‹የኛንስ ማን ያነሳልናል?› ይለኛል። ዓርብ ጠዋት አምስት ሰው ይከፈትላቸዋል። አንዷ እናት ከአምቦ የመጡ ናቸው፤ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን አይተው አያውቁም፤ ሁሉም ይመጣሉ። ትችያለሽ?»

ሌሊሴ የስፌት መኪናዋ ላይ የተዘረጋውን ያላለቀ ቀሚስ አየች። ለቅዳሜ ሠርግ ነው።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች።