ሐዘንተኛዋን አትረብሹ

"እነዚህን ወንበሮችስ ምን ላድርጋቸው?" አለች የልብስ ሰፊዋ የባል እህት ደጃፉ ላይ ቆማ። "የፋብሪካው ሰው ይመጣል ብለሽ አይደል ያስመጣሻቸው? ወይስ እኛው እየተቀያየርን እንቀመጥባቸው?"

ሰፊዋ ባዶዎቹን ወንበሮች ዞር ብላ አየች። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ዘመዱም ጎረቤቱም፣ መልኩን የማታውቀው ሰው ሳይቀር ደርሷታል። ዕድሜ ልኳን አብረዋት ሸሚዝ ሲሰፉ ከኖሩት ሴቶች ግን አንዲቷም ብቅ አላለችም። ሞቱስ የፈጣሪ ነው። በባሏ ዘመዶች ፊት "ሰው የላትም" መባሉ ግን አንጀቷን አሳረራት።

ከባሕር ማዶ የመጣችው አለቃቸው እናቷ የሞተችባት ጊዜ እኮ ሴቶቹን ሁሉ አስከትላ ቤቷ ድረስ ለቅሶ የሄደችው ሰፊዋ ራሷ ነበረች። አለቃይቱ በሩን ገርበብ አድርጋ አመሰገነቻቸው። አብሯቸው የሄደው የፋብሪካው ካቦ፣ "ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ እያለች ነው" ብሎ ተረጎመ።

"ሐዘኗ ነው የሚያናግራት!" አለች ሰፊዋ። "ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ግቡ!"

ገቡ። እስኪመሽ ድረስ ሳሎኗን ሞልተው ተቀመጡ። አለቃይቱ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። እነሱም አልቅሳ ወጣላት ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

ሰፊዋ ሥራ የገባች ዕለት የልብ ጓደኛዋ ጨርቅ ቆራጯ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

"ምን እናድርግ እህቴ? 'ቤቷ ድርሽ ያለች ከሥራዋ ትሰናበታለች' አለችን አለቃችን። የምናሳድጋቸው ልጆች አሉን።"

"ምን በደልኳት?" አለች ሰፊዋ። እንባዋ መጣ።

ወዲያው አለቃይቱ ካቦውን አስከትላ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ማንም እንዳይረብሽሽ ከልክያለሁ" አለ ካቦው መሬት መሬት እያየ ሲተረጉም። "እናቴ ስትሞት ብቻዬን የሚተወኝ ሰው አጥቼ ነበር። አንቺ ላይ ያ እንዳይደርስ ብዬ ነው።"

የአለቃይቱ ዓይን እንባ አቅርሯል። ሰፊዋ ያ የወጥ ቤት በር ትዝ አላት፤ ሁሉም ነገር አሁን ገባት። ቂም ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ረግማት ይወጣላት ነበር። ይችን ግን ምን ብላ ትርገማት?

"ዕረፍት አገኘሽ ወይ ትልሻለች።"

"አግኝቻለሁ በላት። ማንም አልመጣም።"

አለቃይቱ እፎይ አለች። ከሰፊዋ ጎን ወዳለው ባዶ ወንበር ጠጋ ብላ፣ ልትቀመጥ ፈልጋ ግን አፍራ፣ መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ሰፊዋ "ይቀመጡ" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን ፊት ለፊቷ የተከመረውን ኮሌታ በሁለት እጇ አቅፋ ወንበሩ ላይ ቆለለችውና የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።