የተርፕስትራ ካርታ

ሕሩይ ምናሉ በሰው ሀብት ቀንቶ አያውቅም። ጓደኞቹ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ቶርንተን ቤት ሲገዙ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ሶፋቸውን ደረጃ ለደረጃ ተሸክሞላቸዋል። የሚቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ሞቷል። ሙት ክፉ ባላንጣ ነው። አይሳሳት፣ አይቆጣ፣ ከሥራ ደክሞት አይመጣ፤ ፎቶው ውስጥ እንደሳቀ ይኖራል።

ሟቹ ጌሪት ተርፕስትራ ይባላል። የሚስቱ የትንሳኤ የመጀመሪያ ባል፣ የሲና አባት። ሲና ገና ዳዴ ስትል ልቡ በድንገት ቀጥ ያለበት፣ ረጅም፣ ሳቂታ ፈረንጅ ነበር። ሕሩይ ትንሳኤን ሲያገባ ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አራተኛ ክፍል ገብታለች። ጫማዋን ማሰር ያስተማራት እሱ ነው። ጥርሷ ሲወልቅ ኦሮራ ከሚገኘው ቤታቸው ጣራ ላይ እንደ አገሩ ወግ የወረወረላት፣ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯ ላይ እርጥብ ፎጣ ሲቀያይር ያደረው እሱ ነው። ታዲያ ልጅቷ የምትጠራው «ሕሩይ» ብላ ነው፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። አንድ ቀን «አባዬ» ትለኛለች ብሎ ይጠብቃል። ለማንም አልተነፈሰም፤ ለትንሳኤም ቢሆን። አባዬ በይኝ ተብሎ አይለመን ነገር።

ነገሩ የተነሳው ከትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዋ ለልጆቹ ፕሮጀክት ሰጠች፦ የቤተሰባችሁ ስም ከየት መጣ? ዛሬስ በዓለም ላይ የት የት ይገኛል? ይህን በትልቅ ካርቶን ላይ ሠርታችሁ፣ ወላጆች ባሉበት ፕሬዘንት ታደርጋላችሁ አለቻቸው።

ሲና መጀመሪያ የመጣችው ወደ ሕሩይ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እሱ ልብ አላለውምና። ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ውሎ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

«ሕሩይ፣ የኛ ፋሚሊ ኔም ስቶሪው ምንድነው? ለፕሮጀክት ነው።»

«እኛ ፋሚሊ ኔም የለንም» አላት ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሐበሻ ፋሚሊ ኔም የለውም። እኔ ሕሩይ ነኝ፤ ምናሉ አባቴ ነው፤ በቃ። ያንቺ ተርፕስትራ ነው። አያትሽን ጠይቂ።»

ያለው እውነት ነው፤ ውሸት አልተናገረም። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ስም ነው ያለው። ትንሳኤ እንደ አገሯ ሴቶች ሁለቴም ስታገባ የአባቷን ስም አልለቀቀችም። ሕሩይ የአባቱን ስም ይዟል። ሲናም የአባቷን ይዛለች፤ ልዩነቱ የሷ አባት ስም ከአባቱ፣ ከአያቱ፣ ከቅድመ አያቱ ሲንከባለል የመጣ መሆኑ ነው። ሕሩይን የሚያበግነው ይኸው መንከባለሉ ነበር።

ልጅቷ አያቷን ጠየቀች። አያቷ ዳወ ተርፕስትራ እንግልውድ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ሲና «ፓኬ» ትላቸዋለች፤ በፍሪዝኛ አያት ማለት ነው አሉ። ፍሪስላንድ ሆላንድ ውስጥ፣ ከሰሜን ባሕሩ ዳር ያለ የራሱ ቋንቋ ያለው አገር ነው። ሕሩይ ይህን «ፓኬ» የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር ራሱን ይጠይቃል። በሁለት ቋንቋ ለሌሎች ሰዎች መጠሪያ ያላት ልጅ ለሱ በሦስተኛው አንድ ቃል አጣች? ሽማግሌውን ግን፣ ቢቀናባቸውም፣ በሐሳቡ እንኳ «አንተ» ብሏቸው አያውቅም። እናቱ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችውም።

ካርቶኑ ሳሎን ገባ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተደገፈ፣ እንደ እንግዳም አልወጣ አለ። ሕሩይ ኳስ ሊያይ ሲቀመጥ ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። ሲና ቅርጽ በያዘው የልጅ ጽሑፍዋ ጽፋለች፦ ድሮ ባሕሩ እየመጣ መሬቱን ሲያጥለቀልቅባቸው የፍሪስላንድ ሰዎች ጭቃና እበት እየከመሩ ጉብታ ሠሩ፤ ቤታቸውን ጉብታው ላይ አቆሙ፤ ውሃው ሲመጣ ከነከብቶቻቸው እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ጉብታው «ተርፕ» ይባላል። ተርፕስትራ ማለት የጉብታው ሰው ማለት ነው።

«እበት ላይ የተቀመጡ ሰዎች» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልመጣለትም። የሱም አያት ቤት በእበት የተለሰነ ነበር።

ከጽሑፉ ጎን ካርታው አለ። ተርፕስትራ የሚባል ሰው ባለበት ሁሉ ባለራስ መርፌ ተሰክቷል፤ ፍሪስላንድ ላይ መርፌው እንደ ጤፍ ተዘርቷል። ከዚያ ባሕሩን ይሻገርና ሚሺጋን፣ አይዋ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ይበተናል። ዴንቨር ላይም አለ። ከሆላንድ የመጡ ሰዎች ሳንባቸውን ሲታመሙ ለደረቁ አየር ብለው ወደዚህ መጥተው ነበርና ከነዚያ መካከል አንዱ የጌሪት ቅድመ አያት ነበሩ። ሕሩይ ከሻይ ኩባያው ጋር ቆሞ መርፌዎቹን በዓይኑ ይለቅማል። ምናሉ የሚለው ስም ከሱ አያልፍም። ልጅ ቢወልድ እንኳ ልጁ የሚጠራው «ሕሩይ» ተብሎ ነው፤ የልጅ ልጁ ጋ ሲደረስ ሕሩይም የለም። ይኼ ሰውዬ ግን ከሞተ በኋላ እንኳ ስሙ እየተባዛ፣ ባሕር እየተሻገረ፣ መጥቶ የሰው ሳሎን ውስጥ ይዘረጋል። ቀና። አንጀቱ እርር እስኪል ቀና። በካርታ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌው መጡ። ሕሩይ ተነስቶ ጨበጣቸው፣ ካፖርታቸውን ተቀበላቸው፣ ውሃም አቀረበላቸው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ንጹሕ ሳህን ያጥብ ጀመር፣ ጆሮውን ሳሎን ጥሎ። አያትና ልጅ ተጎንብሰው ይሠራሉ፤ መቀሱ ይንቀጫቀጫል።

«ድሮ እኛም የቤተሰብ ስም አልነበረንም» ይላሉ ሽማግሌው። «ናፖሊዮን አገራችንን ይዞ፣ በ1811 ሁሉም ሰው ስም አውጥቶ ያስመዝግብ ብሎ እስኪያዝ ድረስ። ሕሩይ! ና ቁጭ በል እንጂ። ይኼ አንተንም ይመለከታል።»

ይመለከተዋል! ምኑ ነው የሚመለከተው? የጌሪት ናፖሊዮን፣ የጌሪት ጉብታ።

«ሥራ አለብኝ» አላቸው። ሥራ አልነበረበትም። መኪናውን አስነስቶ ወጣና ሀቫና ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ፊት ፓርክ አድርጎ ተቀመጠ። የሚገዛው ነገር ስላልነበረ አልወረደም። ሰዎች በርበሬና ድርቆሽ ይዘው ሲወጡ እያየ፣ ቤት ውስጥ ምን እያሳቃቸው ይሆን እያለ ራሱን ጠበሰ። ሲመለስ ሽማግሌው ሄደዋል፤ ሲና ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ፊቱን አዙራ አቁማዋለች።

«አትየው ኣ» አለችው። «ሰርፕራይዝ አለው።»

«አላይም» አላት። ምን ሊያይ?

ሐሙስ ትንሳኤ ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበረች። ሁለቱ ፓስታ በሉ። ሲና ከበላች በኋላ ካርቶኑን አዙራ፣ የቀኙን ጎን በክንዷ ከልላ፣ በግራ በኩል አንድ ነገር ታጣብቅ ጀመር። ሕሩይ ሳህኑን ሊያነሳ ሲጠጋ አየው። የጌሪት ፎቶ ነው፤ ተራራ ላይ ቆሞ፣ ያንን ሳቁን እየሳቀ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «አባቴ» ተጽፏል።

«ነገ ትመጣለህ አይደል?» አለችው ሙጫውን እየነካካች። «ፓኬ ይመጣል። ማሚ ትመጣለች። አንተ ፍሮንት ነው የምትቀመጠው።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! አንድ «እሺ» ብትወጣው፣ ሳህኑን ይዞ ቢሄድ። ቅናት ግን ዝም የሚያሰኝ በሽታ አይደለም።

«እኔ ምን ላደርግ ነው የምመጣው?» አላት። ድምፁን አላነሳም፤ እሱ ነው ክፋቱ። «ያባትሽ ፎቶ አለ። አያትሽ አሉልሽ። እኔ እዛ ካርታ ላይ የለሁም። እኔ አባትሽ አይደለሁም፣ ሲና። ስም የሰጡሽ ሰዎች ይምጡልሽ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሙጫውን ከደነች። ክዳኑ እስኪጠብቅ ድረስ አሽከረከረችው።

«ኦኬ» አለች፣ ካርቶኑን በሁለት እጇ አቅፋ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሕሩይ ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለው። የሚያሳክክ ቁስል ሲያኩት ደስ ይላል፤ የሚያቃጥለው ኋላ ነው። ሳህኑን አጥቦ ሲጨርስ ማቃጠል ጀመረ። በሯ ድረስ ሄዶ ቆመ፣ እጁን አነሳ፣ ምን ብሎ እንደሚያንኳኳ ሲያጣ ተመለሰ። ነገ ትረሳዋለች፣ ልጅ አይደለች ብሎ ራሱን ሸነገለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን የማያውቅ ይመስል።

በማግሥቱ ከኤርፖርት ያሳፈራቸውን መንገደኞች መሀል ከተማ አራግፎ በጥድፊያ መጣ። የትምህርት ቤቱ ጂም በካርቶን ተሞልቷል፤ የሜክሲኮ ስም፣ የቬትናም ስም፣ የሶማሌ ስም፣ እያንዳንዱ ከነካርታው። ሲና ጀምራለች። ትንሳኤና ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ወንበር ባዶ ነው። ሕሩይ እዚያ ድረስ አልሄደም፤ ከኋላ ቆመ።

ጎበዝ ናት ልጅቷ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ጉብታው፣ ስለ ናፖሊዮን ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እያሳየች ከፍሪስላንድ ዴንቨር ደረሰች። ከዚያ በድንገት ቆመችና «ሳንክ ዩ» አለች። ተጨበጨበላት። ሽማግሌው ግን አላጨበጨቡም፤ ዞር ዞር ብለው ሕሩይን ፈለጉና ተነስተው ወደሱ መጡ።

«የመጨረሻውን ክፍል ምን ነክቷት ዘለለችው?» አሉት።

«የትኛውን ክፍል?»

«ያንተን ነዋ!»

ሕሩይ ካርቶኑን አየ። በቀኝ በኩል አንድ እጅ የሚያህል ቦታ ተገሽልጧል፤ የላዩ ነጭ ወረቀት ከነሙጫው ተልጦ ቡናማው ሆዱ ይታያል። ካርታው ላይም፣ አዲስ አበባ መሆን ያለባት ቦታ ላይ፣ መርፌ ተሰክቶ የተነቀለባት ቀዳዳ አለች።

«ምን ነበር እዚያ?» አለ።

«ስምህ ነበራ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ስትማር የምትጠራበት ስሟ። ሲና ሕሩይ።» ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩት። «አታውቅም እንዴ?»

በየት ያውቃል? እሑድ እሑድ ኤርፖርት ነው፤ ልጅቷን የምታደርሳት ትንሳኤ ናት።

«የአማርኛው አስተማሪ የአባት ስም ሲላት 'ሕሩይ' ብላ የነገረችው ራሷ ናት» አሉ ሽማግሌው። «እኔንም ፓኬ፣ በሐበሻ ወግ ልጅ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፣ እኔ ሁለት አለኝ አለችኝ። ቅድመ አያቶቼም ከናፖሊዮን በፊት ልክ እንደናንተ ነበሩ አልኳት፤ ልጅ በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። እንግዲያው መጨረሻውን በሕሩይ አድርጊው ብዬ አብረን ሠራነው። ቅዳሜ ና ቁጭ በል ያልኩህ ለዚህ ነበር።»

የጌሪት አባት ናቸው ይህን የሚሉት። የልጃቸውን ስም ከሌላ ሰው ስም ጎን በራሳቸው እጅ ሲያጣብቁ አልቀኑም። ሕሩይ አንገቱን ሰበረ፤ ከመቅናቱ ይልቅ የሳቸው አለመቅናት አሳፈረው።

ትንሳኤም ወደነሱ መጣች። ትናንት ማታ ቤት ስትገባ ልጅቷ ክፍል ውስጥ የተቀደደ ወረቀት አይታለች፤ ምን እንደሆነ ግን ልጅቷ አልነገረቻትም።

«ምን አልካት?» አለችው በሹክሹክታ።

ነገራት። ቃል አልቀነሰም።

«የቆጡን አወርድ ብለህ» አለችና ተረቱን አልጨረሰችውም። «ሂድ። ሂድና አናግራት።»

ሄደ። በልጆቹና በካርቶኖቹ መሀል አልፎ፣ ሲና ፊት ደርሶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ልጅቷ መርፌዎቹን እየነቀለች ዕቃቸው ውስጥ ትከታለች።

«ሲናዬ» አላት። «ትናንት ያልኩሽ ነገር... ቅናት ነው። እኔ ቀንቼ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ኢትስ ኦኬ» አለች፣ እጇን ሳታቆም።

«እኔ እኮ...»

አስተማሪዋ ፈገግ ብላ መጣች። ጠቆር ያለ ኮት የለበሰች፣ ችኩል፣ ደግ ሴት ናት። ልጅቷን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና የተንበረከከውን ሰው አየች።

«ሲና፣ አባትሽ ናቸው?»

ሕሩይ ቀና አለ። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀው መልስ ልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ሲና አየችው። አላኮረፈችም፤ ቁጣም አልነበረባትም። እናቷ በሽተኛ ስታነጋግር እንደምታየው ዓይነት በጨዋነት አየችው።

«ኖ» አለች በእንግሊዝኛ። «የእናቴ ባል ነው።»

ሕሩይም ከተንበረከከበት ተነሳና እጁን ለአስተማሪዋ ዘረጋ። ሌላ ምን ያድርግ።